ዜሮ ዶላር፣ ዜሮ ነጥብ፦ ከአቃቂ የተነሳች የአንዲት ቴኒስ ተጫዋች ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ባለፈው ወር አንድ የማላውቃቸው አባት ደወሉልኝ። «ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቴኒስ ላይ ጎበዝ ናት ይሉኛል። ፕሮፌሽናል ለማድረግ ስንት ብር ይበቃል?» አሉኝ። በስልክ ልመልስላቸው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እኛም የጀመርነው «ስንት ብር» ብለን ነበር። ብሩን እንደምንም አገኘነው። ልጅቷን የጣላት ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ የአንዲትን ልጅ ጉዳይ ከደብተሬ እያየሁ ልጻፈው አልኩ። እሷም ቤተሰቧም ፈቅደዋል። የማንንም ስም አልጠራም፤ የነበረችበትን ግቢም አልጠቅስም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በልጅነቴ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራዬ ገንዘብ መያዝ፣ ፎርም መሙላትና ከተሳሳቱት አንዱ መሆን ነበር።

ልጅቷና ሜዳው

አቃቂ የቆየ የፋብሪካ ሰፈር ነው። አንዳንዶቹ ግቢዎች ውስጥ ከድሮ የሠራተኞች መዝናኛ የተረፉ ሜዳዎች አሉ። የልጅቷ አባት የአንዱ ግቢ ጥበቃ ናቸው። እዚያ ግቢ ውስጥ የተሰነጣጠቀ የሲሚንቶ ቴኒስ ሜዳ አለ። ቅዳሜና እሁድ ጥቂት ሰዎች መጥተው ይጫወታሉ። ልጅቷ በዘጠኝ ዓመቷ ኳስ ማቀበል ጀመረች። ሰዎቹ ሲያርፉ የተቀመጠ ራኬት አንስታ ከግድግዳው ጋር ትጫወታለች። ኮቿ ያገኛት እንደዚያ ነው። እሱም ኳስ አቀባይ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፤ ከተማችን ውስጥ ብዙ የቴኒስ አሠልጣኝ የሚመጣው ከዚያ መንገድ ነው።

መረቡ በስብሶ ነበር። አዲስ መግዛት ስላልቻልን እናቷ ማዳበሪያ ቀደው ሰፉና ገመድ ላይ አንጠለጠልነው። ቁመቱ መሀል ላይ 91.4 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሜትር ስላልነበረን ኮች የድሮ ዘዴ ተጠቀመ። አንዱን ራኬት መሬት ላይ አቆመ፤ ከላዩ ላይ የሌላውን ራኬት ራስ አግድም ጣለበት። እሱ ጋ ሲደርስ «በቃ፣ እሰሩት» አለ። ያ መረብ አራት ዓመት አገልግሏል። ነፋስ ሲመታው እንደ ሸራ እየተነፋ ኳስ ይመልሳል እንጂ ሌላ እንከን አልነበረውም።

ሰፈሩ የሚላት አንድ ነገር ነበር። «በዚህ እግርሽ ለምን አትሮጪም?» እናቷም ይሉ ነበር፤ «ደራርቱ ራኬት ይዛ አልነበረም» ይላሉ። አባባላቸው ከቀልድ በላይ ነው። ሩጫ ላይ ጎበዝ የሆነች ልጅ አስፋልቱም ተራራውም ደጇ ነው። ፈጣን ከሆነች ፈላጊ ይመጣል። ቴኒስ ግን ገና ከመጫወትሽ በፊት ክፈይ ይላል።

በ2014 ሐምሌ ላይ ልጅቷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የዊምብልደንን የሴቶች ፍጻሜ በጥበቃ ቤቱ ውስጥ በአባቷ ስልክ አየች። ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃቡር በኤሌና ሪባኪና ተሸነፈች። በዚያው ዊምብልደን ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ ከአንዲት የኔዘርላንድስ ልጅ ጋር ተጣምራ የታዳጊ ሴቶችን ጥንድ ዋንጫ ወሰደች። ጃቡር ሩቅ ናት። ኦኩቶዪ ግን ከሞያሌ ማዶ ናት። በማግስቱ ልጅቷ ኮች ዘንድ መጥታ «እኔስ?» አለችው። ከዚያ ሦስት ሰው ሆነን ተቀመጥን፦ ኮች፣ አጎቷና እኔ።

ያቀድነው

እቅዳችን ቀላል ነበር። ገንዘብ ሰብስበን ዝቅተኛው የፕሮፌሽናል ውድድር ላይ እናስገባታለን፤ ነጥብ ታገኛለች፤ ነጥቡ ስፖንሰር ያመጣል። ወረቀት ላይ ያምራል።

ዝቅተኛው የሴቶች ውድድር ደብልዩ 15 ይባላል። ጠቅላላ ሽልማቱ 15,000 ዶላር ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል። ገንዘቡ ግን ለሁሉም ተጫዋች ይከፋፈላል። በነጠላ ያሸነፈችው 2,352 ዶላር ገደማ ትወስዳለች። በዋናው ድልድል የመጀመሪያ ዙር የወደቀችው 147 ዶላር ገደማ ይደርሳታል። በማጣሪያ የወደቀችው ምንም የላትም። ነጥቡም እንደዚያው ነው። ሻምፒዮኗ 15 ነጥብ ታገኛለች፣ አንድ ዙር ያለፈችው 1። የዓለም ደረጃ ውስጥ ስም ለማስገባት በሦስት ውድድር ነጥብ ማግኘት ወይም በድምሩ 10 ነጥብ መሙላት ያስፈልጋል።

አንድ ቁጥር ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እቅዱን ሌላ መልክ እሰጠው ነበር። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን በእ.ኤ.አ. 2013 መረጃ ላይ ጥናት ሠርቷል። በዚያ ጥናት ገቢና ወጪዋ የሚመጣጠነው ሴት ተጫዋች 253ኛ ደረጃ አካባቢ ያለችው ናት። ያውም የአሠልጣኝ ወጪ ሳይቆጠር። ከዚያ በታች ያሉት በሙሉ ከኪስ ይጫወታሉ።

ችግሩ፣ እኛ እንደመሰለንና እንደነበረው

መጀመሪያ የመሰለን ገንዘብ ነው። እሱም እውነት ነበር። በ2016 ጥር ላይ በጀቱን ስሠራ ዶላር በባንክ 56 ብር ገደማ ነበር። ዕቁብ ጣልን፤ አጎቷ ከሚያውቃቸው ነጋዴዎች ለመነ። በሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ገባ። ደብተሬ ላይ ያለው ብር አልቀነሰም። መንገዱ ግን በግማሽ አጠረ። የአውሮፕላን ቲኬቱን በብር ቀድሜ ብገዛ ኖሮ ቢያንስ እሱ ይተርፍ ነበር። «ገና ቀኑ አልታወቀም» ብዬ ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

ሁለተኛውን ችግር ኮች አወቀው። አንድ ቀን ደብተሬን ተቀብሎ በዓመት ውስጥ ያደረገቻቸውን እውነተኛ ግጥሚያዎች ቆጠረ። እውነተኛ የሚለው ነጥብ የተያዘበትን፣ ተሸናፊ ያለበትን ነው። አሥራ አንድ ሆኑ። ልጅቷ በሳምንት ስድስት ቀን ትሠለጥናለች፤ በዓመት አሥራ አንዴ ትገጥማለች። አመታቷ ያምራል። ነጥቡ ተቀራርቦ 30 እኩል ላይ ስትደርስ ግን እጇ ይጠባል። ሠርታ እንጂ ገጥማ አላደገችም።

ሦስተኛው አየሩ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋለች። አቃቂ ከመሀል ከተማው ዝቅ ብትልም ከ2,000 በታች አትወርድም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ኳሱን የሚይዘው የለም፤ ይበራል፣ ሲነጥርም ይዘላል። ለዚህ ነው የቴኒስ ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ብዙ የማይነጥር የከፍታ ኳስ የሚፈቅደው። እኛ ግን የከፍታ ኳስም ተራ አዲስ ኳስም አልነበረንም። የምንጫወተው ሰዎች ተጫውተው በተዉት፣ ነፍሱ በወጣ ኳስ ነው። የሞተ ኳስ ደግሞ አይበርም። ስለዚህ ልጅቷ ስስ አየር ውስጥ በሞተ ኳስ አደገች። ሁለቱ ተጣፍተው ልኩ የመጣ መሰለን።

አንድ ቅዳሜ ኮች አዲስ የኳስ ቆርቆሮ ከፈተ። «ፍስ» አለ። ልጅቷ ያን ድምፅ ስትሰማ ሳቀች፤ እንደ ለስላሳ ነው የመሰላት። የመጀመሪያውን ኳስ እንደለመደችው መታችው። መስመሩን አልፎ፣ አጥሩን ዘሎ፣ ውጭ የቆመ የጭነት መኪና ላይ አረፈ። ሁለተኛው ተከተለው። ሦስተኛውን ፈርታ ስለነካችው መረቡ ውስጥ ገባ። ኮች ወደ እኔ ዞሮ ዝም ብሎ አየኝ። ለአምስት ዓመት የሠለጠነችው ውድድር ላይ ለሌለ ኳስ ነበር።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

የኳሱን ነገር እንዲህ አደረግን። ከሥልጠና ወጪ ቀንሰን በየሁለት ሳምንቱ አንድ አዲስ ቆርቆሮ እንከፍታለን። ቆርቆሮው የሚከፈተው ለግጥሚያ ብቻ ነው። በሌላው ቀን በአሮጌው ትሠራለች። የራኬቷን ክርም ትንሽ አጠበቅነው፤ የጠበቀ ክር ኳሱን አያስፈነጥርም።

ለግጥሚያው መፍትሔ የሆነው እሁድ ነው። ኮች የድሮ ኳስ አቀባዮችን ጠራ። አርባ የሞላቸው፣ ቦርጭ ያወጡ፣ ግን ተንኮል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ኳስ ይቆርጡባታል፤ ወደ ላይ ያጎኑባታል፤ መስመር ላይ ይከራከሯታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ነጥብ ይያዛል፤ የተሸነፈ ማኪያቶ ይከፍላል። እሷ ገንዘብ ስለሌላት ስትሸነፍ በመላው ግቢ ኳስ ትለቅማለች። መጀመሪያ ሁለት ወር ብዙ ለቀመች። በስድስተኛው ወር ማኪያቶ ጠጪ ሆነች። ካደረግነው ሁሉ እንደዚህ የረዳ የለም። የፈጀው ገንዘብ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

ክረምቱን ግን አልቻልነውም። ትምህርት የሚዘጋው ክረምት ነው፤ ዝናቡም የሚመጣው ያኔ ነው። ጊዜ ሲኖራት ሜዳ የለም፤ ሜዳ ሲኖር ጊዜ የላትም። ባዶ መጋዘን አስፈቅደን ውስጡ መሥራት ጀመርን። ወለሉ የለሰለሰ ሲሚንቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ወጌሻ ጋ ወሰድናት፤ ታሸች፤ ይልቁን አበጠ። ሐኪም ያየው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ስድስት ሳምንት ቁጭ አለች። መጋዘኑ የእኔ ሐሳብ ነበር።

የወረቀቱ ሥራ ራሱን የቻለ ውድድር ነው። ማንኛዋም ተጫዋች ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የተጫዋች መለያ ቁጥር ማውጣት አለባት፤ ክፍያው በኢንተርኔት በካርድ ነው። የእኛ የባንክ ካርድ አልሠራ አለ። አሜሪካ ያለች የአክስቷ ልጅ ከፈለችልን። አጎቷ በኋላ «ዲያስፖራ ዘመድ የሌለው ቴኒስ አይጫወትም» እያለ ይስቅ ነበር።

ናይሮቢ

በስተመጨረሻ ኮች አሸነፈን። ፕሮፌሽናሉን ትተን መጀመሪያ ታዳጊ ውድድር ላይ ትፈተን አለ። ኬንያ ቪዛ ስለማትጠይቅ በ2017 መጀመሪያ ናይሮቢ ሄደች። የታዳጊዎች ውድድር ከ13 ዓመት ጀምሮ ክፍት ነው። እሷ የገባችው በ17 ነው። እኩዮቿ በዚያ ዕድሜ ፓስፖርታቸው በማኅተም ተሞልቷል።

በነጠላ የመጀመሪያ ዙር ተሸነፈች። በጥንድ አንድ ዙር አለፈች። ናይሮቢ 1,800 ሜትር ግድም ናት፤ ከእኛ ዝቅ ትላለች። ሜዳው ቀይ አፈር ነው። ኳሷ አጠረባት። አቃቂ ላይ ጥግ የሚያርፈው ምት እዚያ መሀል ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ ተጋጣሚዋ መጥታ ትጨርሰዋለች። ስትመለስ የነገረችኝ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ ኳሱ ደከመ።»

ሻርም ኤል ሼክ

የግብፅ ባሕር ዳርቻ ከተማ ሻርም ኤል ሼክ ላይ ደብልዩ 15 በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ይካሄዳል። ለዚህ ነው የመረጥነው። የመጀመሪያው ሙከራ በቪዛ ተበላሸ። የተቀባዮች ዝርዝር የሚወጣው ውድድሩ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ነው። ቪዛ ለመጠየቅ ደግሞ ዝርዝሩ ላይ መሆኗን ማሳየት ነበረብን። ቪዛው ሲመጣ ማጣሪያው አልፏል። ውድድሩ ተደጋጋሚ ስለሆነ በሌላኛው ሳምንት አስገባናት። መጋቢት ላይ ሄደች። ኮችን ለመላክ ገንዘብ አልበቃም። ብቻዋን ነው የሄደችው።

የደረሰችው ማጣሪያው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከተማዋ ባሕር ጠለል ላይ ናት። አየሩ ወፍራም፣ ነፋሱ ኃይለኛ። ናይሮቢ የደከመው ኳስ እዚህ ተኛ። ሆኖም የእሁድ ሽማግሌዎች ሥራ ታየ፤ እያጎነች፣ እየቆረጠች የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፈች። የሚቀጥለውን ካለፈች ዋናው ድልድል ውስጥ ናት። የመጀመሪያውን ክፍል 4 ለ 6 ተሸነፈች፤ ሁለተኛውን 6 ለ 4 መለሰች።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል። ማጣሪያ ላይ አንድ አንድ ሲሆኑ ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ አይጫወትም። 10 ነጥብ ድረስ በሚሄድ ታይብሬክ ይለያል። ሕጉ ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ደንቡን አውርጄ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ለኮች የነገርኩትም እኔ ነኝ። በእሁዶቹ አንድም ጊዜ አላለማመድናትም። 8 ለ 5 እየመራች ነበር። አምስት ነጥብ ተከታትሎ ሄደ። 8 ለ 10።

ማታ ደወለች። አላለቀሰችም። «ስንት ገባልን?» አለችኝ። ዜሮ ዶላር፣ ዜሮ ነጥብ አልኳት።

ያልሠራው

መጋዘኑንና ቲኬቱን ተናግሬያለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ትምህርቷ ነው። መጋቢት ማለት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጥቂት ወራት የቀሩት ነው። ፈተናው ቀልድ እንዳልሆነ እናውቅ ነበር፤ በ2016 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። እኛ ግን «ከሻርም ስትመለስ ታጠናለች» አልን። ውጤቷ ከማለፊያው ትንሽ ዝቅ አለ። እናቷ ቤት ጠሩን። ቡና አፈሉ፤ እስከ በረካ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ «ራኬቱ እንጀራ ይሆናል ብላችሁኝ ደብተሯን አስዘጋችኋት» አሉን። ሦስታችንም መሬት መሬት አየን።

ያስቆጨን ደግሞ በኋላ ያወቅነው ነው። ሌላ መንገድ ነበረ፤ እሱም በደብተር በኩል ነው የሚያልፈው። ግብፃዊቷ ማያር ሸሪፍ አሜሪካ ኮሌጅ ገብታ ስትጫወት ቆይታ ነው ወደ ፕሮፌሽናል የወጣችው። በእ.ኤ.አ. 2022 ጣሊያን ፓርማ ላይ የደብልዩቲኤ፣ ማለትም የሴቶች ዋናው የፕሮፌሽናል ውድድር፣ ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ግብፃዊት ሴት ሆነች። ኦኩቶዪም ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሄዳለች። እዚያ ሜዳው፣ አሠልጣኙ፣ ኳሱና በየሳምንቱ ግጥሚያው በትምህርት ቤቱ ወጪ ነው። ሜዳ፣ ኳስና ግጥሚያ አጥተን ስንዞር የሦስቱ መልስ አንድ ቦታ ተቀምጦ ነበር።

ለኮሌጅ አሠልጣኞች ከስልሳ በላይ ኢሜይል ላክን። ሰባት መለሱ። መጀመሪያ የላክነው ቪዲዮ የአጎቷ ልጅ ያቀናበረው ነው፤ ሙዚቃ አለው፣ የሚያምሩ ምቶች ብቻ ተመርጠዋል። አንዷ አሠልጣኝ በትሕትና መለሰችልን፤ ያልተቆረጠ ሙሉ ግጥሚያ ላኩልኝ፣ ስትሳሳት ምን እንደምትሆን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ከእሁድ ሽማግሌዎች ጋር የተጫወተችውን በስልክ ቀርጸን ላክን። ከዚያ በኋላ ነው ቁም ነገር ያለው መልስ መምጣት የጀመረው።

ለሌላው የሚተርፍ

ለዚያ አባት የምለው ከዚህ ይጀምራል። ልጅዎ አሥራ ሁለት ዓመቷ ከሆነ ገንዘብ ከመሰብሰብዎ በፊት ባለፈው ዓመት ስንት ግጥሚያ እንዳደረገች ይቁጠሩ። ጥቂት ከሆነ የሚገጥማት ሰው ይፈልጉ። ሽማግሌም ይሁን ወንድ ልጅ፣ ነጥብ ይያዝ እንጂ። የውድድሩን ደንብ ያንብቡ፤ ያነበቡትን ደግሞ ሜዳ ላይ ይሞክሩት። እኛ ያነበብነው ለፎርም ነበር።

ከፍታ ላይ ለሚኖር ሁሉ ደግሞ፦ አዲስ ኳስ ቅንጦት አይደለም። በወር ሁለት ቆርቆሮ ከአንድ ወር የግል ሥልጠና ይበልጣል እላለሁ። ኮች በዚህ አይስማማም። ወደ ባሕር ጠለል ስትሄድ ሁለት ቀን አይበቃትም። ገንዘብ ካጠረ አንድ ጉዞ ቀንሶ በቀረው ላይ አንድ ሳምንት መጨመር ይሻላል።

የታዳጊ ውድድር በ13 እና በ14 ካልተጀመረ በ17 ለማካካስ ከባድ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዓመት ላይ ትልቅ ጉዞ አይቀመጥም፤ ይህን ለማንም አላከራክርም። ሒሳብ ያዥ ከሆኑ ደግሞ በብር የሚገዛውን በጊዜ ይግዙ።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። ብቻዋን መላካችን ትክክል ነበር? ኮች ቢኖር 8 ለ 5 ላይ ያረጋጋት ነበር ይላል አጎቷ። እሷ ደግሞ «ኮች ቢኖር ማጣሪያውን ጭራሽ ፈርቼ አልጀምረውም ነበር» ትላለች። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።

አሁን ያለችበት

አሁን አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት መሀል ከተማ ሕጻናት ታሠለጥናለች። ከአቃቂ በአሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ትሳፈራለች። የምታገኘው የትራንስፖርትና የኳስ ወጪዋን ይሸፍናል፤ ለእናቷም ትንሽ ታደርሳለች። ማታ ማታ እንግሊዝኛ ትማራለች። አንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከፊል ስኮላርሺፕ እንደሚሰጣት ጽፎላታል፤ የቀረውን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል ገና አልታወቀም። ፈተናዋንም ደግማ ልትወስድ ተመዝግባለች። እናቷ ደብተሩን አሁን ራሳቸው ነው የሚቆጣጠሩት።

የደወሉትን አባት እሁድ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ጋ ቀጠርኳቸው። መጡ። ትንሿ ልጅ አዲስ ራኬት ይዛለች። የእኛዋ አንድ ቆርቆሮ ከፍታ ሦስቱንም ኳስ ሰጠቻትና «ሰርቭ ያንቺ» አለቻት። 6 ለ 0 አሸነፈቻት። ትንሿ ወደ አባቷ ልትሄድ ስትል መልሳ ጠራቻት፤ ኳሱን መልቀም የተሸናፊ ሥራ ነዋ። አንዱ አጥሩን ዘሎ ስለነበር ሁለቱም ተያይዘው ሊፈልጉት ወጡ።